ከኮሌታው ሥር የተሰፋ ስም

ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣ ለእትዬ ዘቢደር፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ በጤናና በደስታ ያግኝዎ። እኔም እናቴም ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ጤፉ እስኪታጨድ ወገቧን እያመማት ትሠራለች። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ማርቆስ እትዬ የብርጓል ዘንድ ስፌት እየተማርኩ እንደሆነ ሳትነግርዎ አትቀርም። ለበዓል ለበዓል አገር ቤት እሄዳለሁ።

የላኩት ሻንጣ ደርሶናል። በስልክ ማመስገን ነበረብኝ፤ ነገር ግን በስልክ አፌ ይያዛል። ባለፈው ሲደውሉ «እሺ፣ እሺ» ብቻ እያልኩ መስመሩ ተቋረጠ። የተቀየሙኝ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ሲከፋኝ ዋለ። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ማንም አያየኝም።

ቀዩን ሹራብ እናቴ ወሰደችው። ለእኔ የቀረልኝ ባለ ሰማያዊ መስመሩ የወንድ ሸሚዝ፣ ጉርድ ቀሚሱና ቡናማው የሱፍ ካፖርት ነው። ሸሚዙን በጉርድ ቀሚሱ ላይ ለቀቅ አድርጌ በቀበቶ አሰርኩትና ወደ ሥራ ሄድኩ። እትዬ የብርጓል የስፌት መኪናቸውን አቁመው፣

«አንቺ ልጅ፣ የዚህ ሸሚዝ ባለቤት ራቁቱን ቀረ ወይ?» አሉኝ።

ደንበኞቹ ሁሉ ሳቁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሮጬ ጓዳ እገባ ነበር። እርሳቸው ግን ቀጠል አድርገው፣ «ነይማ ዙሪ። እጅጌውን ሁለት ጊዜ እጠፊው። እንዲያ! አሁን ያንቺ ሆነ» አሉ። በማግሥቱም ያንኑ ለበስኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከካፖርቱ ኮሌታ ሥር ትንሽ ነጭ ጨርቅ ተሰፍቷል፤ በቀይ ክር «ማርጋሬት» ይላል። የሠራው ፋብሪካ ስም መስሎኝ ነበር። እትዬ የብርጓል ግን «የፋብሪካ ስም በእጅ አይሰፋም» አሉኝ። ማርጋሬት ማን ናት?

እናቴ ደግሞ ይህን ጻፊልኝ ብላለች። ወንድሜ እንዳላማው ከየመን «ወደ ሳውዲ ልንሻገር ነው» ብሎ ከደወለ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። «እህቴም ውጭ፣ ልጄም ውጭ። የሰማችው ነገር ካለ አትደብቀኝ» ትላለች።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ፣
ዓይናዲስ


ሼፊልድ
ኅዳር 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዓይናዲስ፣

ናፍቆቴ አንቺንም እናትሽን ይመኙሻልንም እቅፍ አድርጎ ይሳምልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ገብቷል፣ ሥራው ያው ነው።

በስልክ ዝም ስላልሽ አልተቀየምኩም። ስለይሽ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሽ። እንግዳ ሲመጣ በሩ ጀርባ ትቆሚና ከታች እግርሽ ብቻ ይታይ ነበር። «እግሯ መጥቷል፣ እርሷም ትመጣለች» ይልሽ ነበር እንዳላማው።

ስለ ማርጋሬት ጠየቅሽኝ። ልብሶቹ አዲስ አለመሆናቸውን ልነግራችሁ አፍሬ ነበር። እዚህ ሰው ሲሞት ልጆቹ ልብሱን በከረጢት ጠቅልለው የበጎ አድራጎት ሱቅ ይወስዱታል። ሱቁ አጥቦ፣ ተኩሶ በርካሽ ይሸጠዋል፤ ገቢው ለበሽተኛና ለችግረኛ ይሆናል። እንደኛ አገር ሰልባጅ ተራ በይው፤ ልዩነቱ አይጮህበትም። እኔም የምለብሰው ከዚያ ነው። ማርጋሬት እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የነበሩ ሴት ናቸው። የሁሉም ልብስ አንድ ላይ ስለሚታጠብ እንዳይቀያየር ስም ይሰፋበታል። የእርሳቸውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከሞቱ በኋላ ካፖርታቸውን ሱቁ ውስጥ ተሰቅሎ አየሁትና ለማላውቀው ሰው ልተወው አልሆነልኝም። የሙት ልብስ ነው ብለሽ ከከበደሽ አልፈርድብሽም።

አንቺ ግን መልበስ ታውቂያለሽ ማለት ነው። ደስ አለኝ። እኔ የተማርኩትን ልንገርሽ። መስቀያው ላይ ቀለሙ እንዳያታልልሽ፤ አስቀድመሽ ትከሻውን እዪ። ትከሻው ከገጠመ የቀረውን መርፌ ያስተካክለዋል። ትከሻው እምቢ ካለ ግን ምንም ቢያምር ተይው፤ የሌላ ሰው ነው። ደግሞ ሌላው ስለለበሰው አትልበሺ። የለበስሽውን ረስተሽው ከዋልሽ እርሱ ያንቺ ልብስ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጥቁር ቀሚስ ልኬያለሁ። እጀ ረጅም ነው፤ ጌጥ የለውም። እዚህ ጥቁር የግብዣ ልብስ ነው፣ ለቀጭን ሴት ደግሞ ቁመና ይሰጣታል። እንዳየሁት አንቺ ታየሽኝ።

ስለ እንዳላማው፣ እግዚአብሔር ያውቃል። እናትሽ ጸሎቷን አታቋርጥ።

አክስትሽ ዘቢደር


ደብረ ማርቆስ
ጥር 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ዘቢደር፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እንደ ወጉ «ደህና ነን» ማለት ይገባኝ ነበር። ደህና አይደለንም።

ቀሚሱ በታኅሣሥ አጋማሽ ደረሰኝ። ትከሻው ልክ እንደ እኔ ነበር። ወገቡን አጠበብኩት፣ ታቹን ትንሽ አሳጠርኩት። ለብሼ መስታወት ፊት ስቆም እዚያ ውስጥ ያለችው ልጅ ዓይኗን አልሰበረችም። እንዲህ ሆኜ ራሴን አይቼ አላውቅም። እትዬ የብርጓል አገላብጠው አዩኝና፣

«አምሮብሻል። አገር ቤት ግን እንዳትሄጂበት» አሉኝ።

«ለምን?»

«ለምን ትላለች እንዴ! ቢያንስ ነጭ ኮሌታ ጣል አድርጊበት።»

ነጭ ኮሌታ ቆርጬም ነበር። ቀሚሱ ላይ ሳስጠጋው ያበላሸው መሰለኝና ተውኩት። ያ ኮሌታ እስካሁን በመሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ለገና ወደ እናቴ ስሄድ የለበስኩት እርሱን ነው። እንድታየኝ ፈለግሁ። ሉማሜ ከመኪና ስወርድ አቧራው ስላስቸገረኝ ነጠላዬን ገልብጬ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ አፍና አፍንጫዬን ሸፈንኩበት። የሰፈራችን ቄስ አምደሚካኤልና አቶ ውበቱም ለበዓሉ ጧፍ ገዝተው በዚያው መኪና መጥተው ነበር። መንገዳችን አንድ ስለሆነ አብረን በእግር ወረድን። አቶ ውበቱ ዘንቢሌን ያዙልኝ። እኔ እንደ ልማዴ አላወራሁም፤ እነርሱም ደክሟቸው ነበር።

እናቴ አውድማው ላይ ጤፍ ስታነፍስ ቀና ብላ አየችን። ያየችው ምን እንደሆነ አሁን ለእኔም ይታየኛል። ልጇ በከል፣ ጥለቱ ከአንገቷ ላይ፣ በአንድ በኩል ቄስ፣ በሌላ በኩል ሽማግሌ፣ ሦስቱም ዝም ብለው ወደ እርሷ ይመጣሉ። እኛ አገር መርዶ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ሰፌዱን ወረወረችው። «እንዳላማውዬ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ከማዶ ተሰማ።

ሮጠን ስንደርስ ፊቷን ነጭታዋለች። ቄስ አምደሚካኤል እጇን ይዘው፣ «ማን ሞተ አለሽ፣ አንቺ ሴት! እኛ ከገበያ ነው የመጣነው!» አሏት።

«አዎ፣ አባቴ፣ እንዲህ ነው የምትሉት! ወንድሜን ስታረዱኝም ከገበያ መጣን ነው ያላችሁኝ!»

አቶ ውበቱ ጧፋቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይኸው፣ ይኸው ገበያችን!» ይላሉ። ማንም አያያቸውም። ጎረቤቱ ደረትና ራሱን እየመታ ገብቷል። እኔ መናገር ነበረብኝ። «እኔ ለማማር ነው የለበስኩት» ማለት ነበረብኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አፌ ተያዘ። ዝም ማለቴን ሁሉም እንደ ማረጋገጫ ቆጠረው።

በኋላ አንዲት ጎረቤታችን ለብቻዬ ወሰደችኝና፣ «ቀሚሱን ማን ሰጠሽ?» አለችኝ።

«እትዬ ዘቢደር ናቸው የላኩልኝ።»

እርሷም ገብታ ለቤቱ ሁሉ ተናገረች። እስከዚያ ድረስ ሲከራከሩ የነበሩት ቄሱ እንኳ አንገታቸውን ደፉ። የውጭዋ እህት ሰምታለች፤ በአፏ መናገር ቢያቅታት ጥቁር ላከች አሉ።

እናቴ ፀጉሯን ተላጨች። ጥቁር ልብስ ስላልነበራት፣ «አውልቂው» ብላ ቀሚሱን ከላዬ ወስዳ ራሷ ለበሰችው። ቄስ አምደሚካኤል «እውነተኛ ወሬ ሳይመጣ ፍትሐት አልፈታም» ብለው እምቢ አሉ። እርሷ ግን የእንዳላማውን ልብስ አውጥታ ለነፍሱ ብላ ሰጠችው። አረንጓዴው ጃኬቱ ለአብነት ተማሪው ለዘመነ ደረሰ። እቃውን ስታወጣ እኔ ነበርኩ አጣጥፌ ያቀበልኳት።

ወደ ማርቆስ ተመልሼ ከእትዬ የብርጓል ስልክ ደጋግመን ደወልንልዎ። ይጠራል፣ አይነሳም። ከዚያ ስልኩ ወድቆ ተሰበረ።

እትዬ ዘቢደር፣ ወንድሜ ሞቷል? መርዶ በወረቀት እንደማይላክ አውቃለሁ። ግን ለእኔ ይላኩልኝ። ከሞተ ሞተ ይበሉኝ። ካልሞተ ደግሞ በእኔ ቀሚስ ምክንያት በቁሙ ተለቅሶለታል።

ዓይናዲስ


ሼፊልድ
መጋቢት 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

ዓይናዲስ፣

እንዳላማው አለ። አልሞተም። ሰላምታውን ኋላ እጽፈዋለሁ፤ አሁኑኑ ወደ እናትሽ ሄደሽ ይቺን አንብቢላት።

አሁን ሰላም ልበልሽ፣ ሰላም ለማለት አፍ ካለኝ። ደብዳቤሽ አዲስ አበባ ከሰው እጅ ከርሞ ዛሬ ደረሰኝ። የየብርጓል ስልክ አይሠራም። ሌላ የማውቀው ቁጥር የለኝም። ነገ የምትበር ሴት አግኝቼ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው የምጽፈው።

እንዳላማው ባለፈው መስከረም ከሳውዲ ደወለልኝ። ድንበር ሲሻገሩ በጥይት ተመትቶ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል። ከሆስፒታል ወደ እስር ቤት ወሰዱት። ለእናትሽ እንዳልነግር በእመቤታችን ስም አስማለኝ። «በሁለት እግሬ ነው የሸኘችኝ፤ እንዴት ብዬ?» አለኝ። እኔም ማልኩ። ሻንጣውን ስልክላችሁ አውቅ ነበር። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ ስጽፍልሽም አውቅ ነበር።

ስልኩ ሲጠራ አይቼዋለሁ። እናትሽ መሰለችኝ። በወረቀት መሸሽ ለምጄ ነበር፤ ድምፅዋን ሰምቼ መዋሸት ግን አልችልም አልኩና እስኪያበቃ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ቀሚሱን ከመስቀያው ሳነሳ አንቺን ብቻ ነው ያሰብኩት። እናታችን ስትሞት እኔና ይመኙሻል አንድ ዓመት ከል ለብሰናል። ያን የለበስኩ ሴት እንዴት እረሳለሁ? እዚህ ማን ምን እንደለበሰ ማንም ዞሮ አያይም። አገር ቤት ልብስ ከማዶ እንደሚነበብ ረሳሁ። እውነቱን ነግሬያችሁ ቢሆን ኖሮ አንቺ ቀይም ጥቁርም ብትለብሺ ማን ይደነግጥ ነበር?

እስረኞቹን ወደ አገራቸው ሊመልሷቸው ስማቸው ተመዝግቧል አለኝ። የየብርጓልን ቁጥር እሰጠዋለሁ፤ ስልኩን አስጠግኑት። እርሱ ራሱ ይደውላል።

በቀሚሱ አትጸጸቺ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ዘቢደር


ደብረ ማርቆስ
ሐምሌ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ዘቢደር፣

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ሳልጽፍ የቆየሁት ተቀይሜ አይደለም። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው።

ደብዳቤዎን ለእናቴ ሳነብላት እስከ መጨረሻው አዳመጠችና፣ «ደግ አድርገሽ አነበብሽ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አላመነችም። ሊያጽናኗት የጻፉት መሰላት። ስልኩ ተጠግኖ በግንቦት እንዳላማው ከአዲስ አበባ ሲደውል በማግሥቱ እንዲደውል ነግረነው እናቴን ማርቆስ አምጥተን ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጥናት። ከነጥቁር ቀሚሷ ነበረች።

«እማዬ» አለ።

«ስምህን አልጠየቅሁህም» አለች። «ደብተርህን የበላችው ጥጃ ስሟ ማን ነበር?»

ሲስቅና ሲያለቅስ ሰማነው። «ወርቄ! የሒሳቡን ነው የበላችው። አንቺ ደግሞ ደግ አደረገች ብለሽ እኔን ገረፍሽኝ!»

እናቴ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝና መሬት ላይ ተቀመጠች።

መናኸሪያ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በምርኩዝ ወረደ። የሱሪው ግራ እግር ተጠቅልሎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። አገር ቤት ስንሄድ ከእትዬ የብርጓል ነጭ ቀሚስ ተውሼ ለበስኩ፤ ነጠላዬንም ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ አጣፋሁ። ሉማሜ ላይ ቄስ አምደሚካኤል አብረን እንውረድ ቢሉ አቶ ውበቱ፣ «አባ፣ ተዉ እንጂ! እኔና እርስዎ ከዚች ልጅ ጋር ሁለተኛ በዚያ መንገድ አንታይም» አሏቸው። እንዳላማው በቅሎ ላይ ሆኖ ሳቀ። እኔ ከፊት ከፊት ሄድኩ፣ እናቴ ከሩቅ እንድታየኝ።

አየችኝ። አልጮኸችም። አጠገቡ ስትደርስ ፊቱን በእጇ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ዝቅ ብላ እግሩ ያለቀበትን ቦታ ዳሰሰች። እዚያ ላይ እጇ ቆየ። ማታውን ቀሚሱን አወለቀችና አጥፋ «ያንቺ ነው» ብላ ሰጠችኝ። ደረቱ ላይ ተቀዷል። ፀጉሯ ገና አጭር ነው፤ የአንድ ጉንጯ ጠባሳም አልጠፋም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ዘመነን አገኘነው፣ አረንጓዴውን ጃኬት ለብሶ። እንዳላማው ቆመ። ዘመነም ባለቤቱን አውቆ እጅጌውን ማውለቅ ጀመረ።

«ተወው፣ ወንድሜ» አለው እንዳላማው። «አንተ ላይ ያምራል።»

«የሞቱ መስሎኝ ነው የተቀበልኩት፣ ጋሼ። ስጸልይልዎ ነበር።»

«ጸልይ፤ አታቋርጥ።»

 እንዳላማው ቤት ሲደርስ የሚቀይረው ልብስ አልነበረውም። የሚቀይረውን አጣጥፌ ያቀበልኩት እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ካፖርቱን ፈታሁት። እኔ ላይ ሰፊ፣ እርሱ ላይ ጠባብ ነበር፤ ትከሻው ግን ገጠመው፣ እርስዎ እንዳሉት። ቁልፎቹን ወደ ወንድ ወገን አዛወርኳቸው። ገበሩ አርጅቶ ስለነበር ጥቁሩን ቀሚስ ስፌት በስፌት ፈትቼ ገበር አደረግሁት። እናቴ፣ «እንዲያ ይሁን፣ ወደ ውስጥ ይግባ» አለች። እትዬ የብርጓል ከባላቸው ሁለት ሱሪ ሰጡኝና ግራ ግራውን አሳጠርኩ። ስፌት ስጀምር መጀመሪያ ያስተማሩኝ ሁለቱን እግር እኩል መለካት ነበር። እርሳቸውም አስታውሰው መሰለኝ፣ ስቆርጥ ወደ ሌላ በኩል ዞሩ።

እናቴ ሰላምታ ላኪልኝ አላለችም። ስምዎን ስጠራ ታዳምጣለች። እሑድ ማታ እደውልልዎታለሁ። ሲጠራ ያንሱት። እኔ ነኝ፤ አፌ ቢያዝም ትንሽ ይታገሱኝ።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ብለውኛል። አንብቤዋለሁ። አሁን የምለብሰው ያው ሸሚዝና ጉርድ ቀሚስ ነው። ሰልባጅ ተራ ሳልፍ የሚያምር ጥቁር ነገር ካየሁ እጄ ሳላስበው ትከሻውን ይነካል፤ ከዚያ እመልሰዋለሁ።

ካፖርቱን ስጨርስ «ማርጋሬት» የሚለውን ጨርቅ ልፈታው መቀስ አንስቼ ነበር። አልሆነልኝም። ያን ሳልሰፋው የቀረሁትን ነጭ ኮሌታ ከመሳቢያ አወጣሁ፤ ከእርሱ ትንሽ ቁራጭ ቆረጥኩና በቀይ ክር «እንዳላማው» ብዬ ጽፌ ከማርጋሬት ሥር ሰፋሁት።

ሲለብሰው ኮሌታውን ገልብጦ አየው። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሁለተኛ ለሰው እንዳይሰጥ ነው» አልኩት።

አክባሪዎ፣
ዓይናዲስ